ባለቤት ያጣ መንቀጥቀጥ

መኪና ላይ ከሚደርሰው ሕመም ሁሉ ባለቤት ያጣው የመሪ መንቀጥቀጥ ነው። ሞተር ቢያጨስ ሞተር ሠሪ አለ። መብራት ቢጠፋ ኤሌክትሪሻን አለ። አንድ ፒክአፕ ግን በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር እየሄደ በአንድ ጎኑ ጉድጓድ ከነካ በኋላ መሪው ከሾፌሩ እጅ ሊወጣ ሲወራጭ፣ ባለንብረቱ ቢያንስ ሦስት ደጃፍ ይረግጣል። ጎሚስታው «ባላንስ ነው» ይለዋል። አላይመንት የሚያስተካክለው «ካስተሩ ተዛብቷል» ይለዋል። ሶማሌ ተራ ያለው መለዋወጫ ሻጭ ደግሞ ሳይጠየቅ የመሪ ሾክ ከመደርደሪያ ያወርድለታል። ሦስቱም አልዋሹም፤ እያንዳንዳቸው ከእውነቱ ቁራጭ ይዘዋል። ሰውዬው ከፍሎ ይሄዳል፣ የዳነ ይመስለዋል፣ ደብረ ብርሃን ሳይደርስ ያው ነገር ይነሳበታል።

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት የመኪና የፊት እግር በመሥራት ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ በረዳትነት ጋራዥ ስገባ የተሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራ ግራሶ መስጠትና የወለቀ ቡሎን በናፍጣ ማጠብ ነበር። ቀስ በቀስ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ጎሚስታውና ሻጩ ዛሬም የሚካሰሱበት ጉዳይ ከመቶ ዓመት በፊት በፓሪስና በዲትሮይት በትልልቅ መሐንዲሶች መካከል ክርክር ተካሂዶበት የተዘጋ ፋይል መሆኑ ነው። የተዘጋው ግን ለቤት መኪና ነው። ለፒክአፕ ክፍት ሆኖ ቀርቷል።

ስለ የትኛው መንቀጥቀጥ እንደምናወራ እንለይ። 80 ላይ ጀምሮ 100 ሲያልፍ የሚጠፋ፣ አስፋልቱ ለስላሳ ቢሆንም የማይቀር ንዝረት አብዛኛውን ጊዜ ከጎማና ከቸርኬ ነው፤ እርሱ የጎሚስታው ነው። ፍሬን ሲረገጥ ብቻ የሚመጣው ከፍሬን ዲስኩ ነው። የእኔ ጉዳይ ሦስተኛው ነው። መኪናው ደህና እየሄደ አንድ ጎማ ድንገት ይመታል፤ የፊት እግሩ በሙሉ ግራና ቀኝ ይወራጫል፤ ጉድጓዱ ኋላ ከቀረ በኋላም አያቆምም። መሪውን አጥብቆ መያዝ ክንድ ያሳምማል እንጂ ፋይዳ የለውም። የሚያቆመው ፍጥነት መቀነስ ብቻ ነው፣ አንዳንዴ እስከ 30 ድረስ ወርዶ። አንድ ጫት የሚያመላልስ ሾፌር «ጋሼ፣ መኪናዬ እስክስታ ወረደ» ብሎ እየሳቀ ነግሮኛል። አጠገቡ የቆመው ረዳቱ ግን አልሳቀም።

አገራችን መኪና ያየችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ መኪናውን ከጅቡቲ አንስቶ በረሃውን አቋርጦ ለዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባ አደረሰ፤ በዚያው ዓመት አርኖልድ ሆልትስ የሚባል ጀርመናዊም ናኬ የተባለች መኪና ይዞ ገባ። መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም። ድንጋዩና ጉድጓዱ ከዛሬው ቢብስ እንጂ አያንስም፤ ሆኖም መሪያቸው እንዲህ ሊወራጭባቸው አይችልም ነበር። ይህ ሕመም ለመነሳት ምት ብቻ አይበቃውም፣ ፍጥነትም ይፈልጋል። እነዚያ መኪኖች ምቱ ነበራቸው፤ ፍጥነቱ አልነበራቸውም።

የፊት እግራቸው ግን ድፍን አክሰል ካለው ከዛሬው ፒክአፕ የፊት እግር ጋር ዘመድ ነው። ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኝ አንድ ድፍን ብረት፣ በላዩ ባሌስትራ፣ ከሁለቱ ጫፎች ጎማው የሚዞርበት ፔርኖ። ይህ አሠራር ከመኪና በፊት ለሠረገላ የተፈጠረ ነው። ድሮ ሠረገላ ሲታጠፍ የፊቱ አክሰል በመሐሉ ባለ አንድ ችካል ላይ እንዳለ ይዞር ነበር። የሙኒኩ ሠረገላ ሠሪ ጌኦርግ ላንከንሽፐርገር እ.ኤ.አ. በ1817 አክሰሉ ቆሞ ጎማዎቹ ብቻ በየጫፋቸው እንዲዞሩ አደረገ፤ ወኪሉ ሩዶልፍ አከርማን በሚቀጥለው ዓመት ለንደን ላይ ፓተንት አወጣበትና ዛሬ በዓለም የሚጠራው በእርሱ ስም ነው። የሠራው ተረስቶ ያስመዘገበው ይታወሳል፤ ይህ በሁሉም ሙያ ያለ ነው። ለእኔ ቁም ነገሩ ፔርኖው ነው። ጎማው በጫፉ ላይ ብቻውን እንዲዞር ከተፈቀደለት ጊዜ ጀምሮ ብቻውን የመወራጨት ዕድልም ተሰጥቶታል። ፈረስ በሚጎትተው ፍጥነት ግን ዕድሉን አልተጠቀመበትም።

የተጠቀመበት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው፤ ያመጣውም ጥፋት ሳይሆን መሻሻል ነው። ከዚያ በፊት የመኪና ጎማ ቀጭንና ድርቅ ያለ ነበር፤ 60 ፒኤስአይ ገደማ አየር ይሞላ ነበር። ፋየርስቶን በ1923 ወፈር ያለውንና በዚያ ግማሽ ያህል አየር የሚሄደውን ለስላሳ ጎማ አወጣ። ተሳፋሪው ተመቸው። ፍሬንም ቀድሞ የነበረው በአብዛኛው የኋላ ጎማ ላይ ብቻ ነበር፤ ዱዘንበርግ በ1921 በአራቱም ጎማ የሃይድሮሊክ ፍሬን ይዞ መጣ፣ ካዲላክና ቢዩክ በ1924 ሞዴላቸው ለፊት ጎማም ፍሬን ሰጡ። ይህም መልካም ነው፤ ግን የፊት ጎማው ላይ የታምቡር ክብደት ተጨመረ። በዚሁ ላይ መንገዱ እየተሻሻለ ሄዶ ፍጥነት ጨመረ። ለስላሳ ጎማ፣ ከባድ የፊት እግር፣ ከፍ ያለ ፍጥነት፤ ሦስቱም ለየብቻ ጥቅም ናቸው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አዲስ የተገዛ መኪና አንድ ጉብታ ነክቶ የፊት ጎማዎቹን እያወራጨ መንገድ ላይ ይቆም ጀመር።

መሐንዲሶቹ ያኔ የሆኑት ዛሬ የእኔ ጎረቤቶች የሚሆኑትን ነው። በ1924 እና በ1925 ለስላሳው ጎማ ያመጣው ነው የሚል አለ፤ ፔርኖው የተጋደመበት ማዕዘን፣ ማለትም ካስተሩ፣ ነው የሚል አለ፤ ባሌስትራው፣ የመሪው ሳጥን የሚል አለ። የሚሰጡት መድኃኒትም እንደዚያው ብትንትን ያለ ነበር። አንዱ ኩባንያ አየሩን ጨምሩ ይላል፤ ሌላው የፔርኖውን ማዕዘን ይቀንሳል፤ ሌላው መሪው ላይ ሰበቃ የሚፈጥር ነገር ይጨምራል። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ሠርቷል። አንድም ጨርሶ የፈታው አልነበረም።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት የደፈረው ዦርዥ ብሩልዬ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነው። በ1925 ለፈረንሳይ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ባቀረበው ጥናት ማንም ያላሰበውን ነገር አስተዋለ፤ ጎማ የሚሄደው ባፈጠጠበት አቅጣጫ አይደለም። ከጎን ሲገፋ ላስቲኩ ይጣመማል፣ መሬቱን እየነካ ያለው ክፍል ይንሸራተታል፣ መኪናውም ጎማው ካመለከተበት ትንሽ ፈንጠር ብሎ ይጓዛል። ዛሬ ማንኛውም የመኪና ምህንድስና ተማሪ የሚማረው ይህ ጉዳይ የተጀመረው መሪ ለምን ይንቀጠቀጣል ከሚል ጥያቄ መሆኑ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ሰው የፊት እግር ሥራን ዝቅ አድርጎ ሲያይ ይህን ብነግረው እወዳለሁ።

ከጎማው ላስቲክ ሌላ ደግሞ የሚሽከረከር ነገር ሁሉ ያለው ጠባይ አለ። ተማሪዎቼን የማሳያቸው በብስክሌት ጎማ ነው። የጎማውን ዘንግ በሁለት እጅህ ይዘህ አንድ ሰው አጥብቆ ያሽከርክርልህ፤ ከዚያ ዘንጉን በአንድ በኩል ቀና አድርገው። ጎማው ወደ ላይ መሄዱን ትቶ ወደ ጎን ይዞርብሃል። ድፍን አክሰል ያለው ፒክአፕ የግራ ጎማው ጉብታ ላይ ሲወጣ የሚሆነው ይኸው ነው። አክሰሉ ያጋድላል፣ የሚሽከረከሩት ሁለቱ ጎማዎች በፔርኖአቸው ላይ ይዞራሉ፤ ሲመለሱ አክሰሉን ወደ ሌላው ጎን ያጋድሉታል፤ ያ ደግሞ መልሶ ያዞራቸዋል። ማጋደሉና መዞሩ እየተቀባበሉ ይቀጥላሉ። ጉድጓዱ አስነሳው እንጂ የሚያቆየው የመኪናው የራሱ ጉዞ ነው፤ ለዚህ ነው ጉድጓዱ ካለፈ በኋላ የማይቆመው። ሰበቃ ካለና የላላ ነገር ከሌለ ሁለት ሦስት ጊዜ ተወራጭቶ ይሞታል። የላላ ነገር ካለ ግን በዚያች ክፍተት ውስጥ እየተመላለሰ ይጠነክራል።

መፍትሔውን አሜሪካኖች ያገኙት ሞሪስ ኦሊ በሚባል እንግሊዝ አገር የተማረ መሐንዲስ በኩል ነው። ከሮልስ ሮይስ የአሜሪካ ፋብሪካ ወጥቶ በ1930 ካዲላክ ገባ። ሥራው መኪናው ለተሳፋሪ እንዲመች ማድረግ ነበር። በ1932 አንዲት ረጅም ሊሞዚን ከፊትና ከኋላዋ ክብደት እንዲጨመርባትና እንዲቀነስላት አድርጎ ሠራና ሰዎች እየተሳፈሩ የተሰማቸውን እንዲናገሩ አደረገ። መሣሪያው የሰው ወገብ ነበር ማለት ነው። ያገኘው ውጤት የፊት ባሌስትራ ከኋላው መላላት አለበት የሚል ነው። ችግሩ ድፍን አክሰል ላይ የፊት ባሌስትራ በላላ ቁጥር መሪው መወራጨቱ ነው። ምቾትና ደህንነት አንድ አክሰል ላይ አልስማማ አሉ። ስለዚህ አክሰሉን ጣለው። እያንዳንዱ የፊት ጎማ ለብቻው ወጥቶ ይወርዳል፤ አንዱ ሲመታ ሌላው አይሰማውም፤ አብረው ስለማያጋድሉም ያ መቀባበል ይቋረጣል።

በ1934 ሞዴል ጄኔራል ሞተርስ ካዲላክን፣ ቢዩክንና ኦልድስሞቢልን በሁለት ክንድ በሚያዝ የፊት እግር፣ ሼቭሮሌንና ፖንቲያክን ደግሞ አንድሬ ዱቦኔ የሚባል የፈረንሳይ ተወዳዳሪ ሾፌር በፈጠረው ዓይነት አወጣቸው። የአውሮፓን ድርሻ ግን አልረሳም። ቪንቼንዞ ላንቻ በላምዳ መኪናው ከ1922 ጀምሮ፣ ፔዦ ደግሞ በ201 መኪናው በ1931 የፊት አክሰልን ትተውት ነበር። ዲትሮይት ያደረገው ነገሩን በብዛትና በአንድ ዓመት ማድረጉ ነው። የቤት መኪና መሪ መወራጨት እንደ ዕለታዊ ሕመም ከዚያ በኋላ አበቃለት።

እኔ ግን ይህን ታሪክ ሳነብ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሕመሙን አላዳኑትም፤ የሚታመመውን አካል ቆርጠው ጣሉ። ስለዚህ አካሉ ሳይቆረጥ በቀረበት ሁሉ ሕመሙም አብሮት ቀረ። የጭነት መኪና ሸክም ስላለበት ድፍኑን ብረት አልተወም። ከባድ ሥራ የሚሠራ ፒክአፕም አልተወም፤ ብረቱ አይሰበርም፣ ከመሬት ያለው ከፍታ ጎማው ሲወጣ ሲወርድ አይለዋወጥም፣ ገጠር ውስጥ በመዶሻና በክሪክ ይጠገናል። መንገዱ ባልተሠራበት አገር የሚፈለገውም ይህ ነው። ሕመሙን የሚያስነሳው ጉድጓድ በብዛት ያለውም እዚያው ነው።

ወደ እኛ ልመለስ። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር መንገድ ሲሠራ በላዩ የነዳቸው ፊያት 634ና ላንቻ የጭነት መኪኖች ፊታቸው ድፍን አክሰል ነበር። ሕዝቡ ትሬንታ ኳትሮ ያላቸው እነዚህ መኪኖች ጣርማ በርን እየተጎተቱ ሲወጡ ፍጥነታቸው የሰው እርምጃ ሊሆን ምንም አይቀረውም ነበር፤ ፔርኖአቸው ቢላላም መወራጨቱን የሚያስነሳ ፍጥነት የሚያገኙት ቁልቁለት ላይ ብቻ ነበር። ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ሙያውን የለመዱት ከነጻነት በኋላ እዚሁ በቀሩ ጣሊያኖች ጋራዥ ነው። እርሳቸው እንደሚያስተምሩት የፊት እግር ሥራ ሦስት አራተኛው ግራሶ ነው። ረዳቱ ከየጉዞው በኋላ መኪናው ሥር ገብቶ እያንዳንዷን ጫፍ አሮጌው ጥቁር ግራሶ ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ድረስ ካልሞላ ጋሼ አያሳልፉትም ነበር። ያን ያህል ግራሶ የጠጣ ፔርኖ ቶሎ አይበላም።

ከዚያ ዘመን ቀጥሎ የመጣው ለውጥ መንገዱ ላይ ነው። የዓለም ባንክ ለአፍሪካ አገር የመጀመሪያ የሆነውን ብድር ለኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1950 ሲሰጥ፣ 5 ሚሊዮን ዶላሩ ለመንገድ ጥገና ነበር፤ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም በዓመቱ ተቋቋመ። ጠጠር መንገድ ተዘረጋ። ጠጠር መንገድ ደግሞ መኪና ሲመላለስበት መሬቱ በመጠነኛ እኩል ርቀት ይሸበሸባል፤ ቆይቶ ላዩ ላይ የሚነዳው ሁሉ እየተርገፈገፈ ይሄዳል። ሾፌሮች ቶሎ የተማሩት ዘዴ ፍጥነት መጨመር ነበር፤ 70 ላይ ጎማው ከሽብሽቡ ጫፍ ወደ ጫፍ እየዘለለ ይለሰልሳል። መንገዱን አለሰለሱት ማለት ነው፣ ግን የፊት እግሩን ለቀረው ምት ሁሉ በትክክለኛው ፍጥነት አዘጋጁት። አሮጌ ሾፌር የኮረኮንች ፍጥነት የሚለው ይኸው ነው፤ እኛ ጋራዥ የሚገቡት ግማሾቹ የመሪ ታማሚዎች የሚመጡት ከዚያ ነው።

ላንድሮቨር የገባው በዚያ ዘመን ነው፤ በገጠርም ሕዝብ ሲያመላልስ ኖሯል። የላንድሮቨር የፊት እግር አንድ ብልሃት ነበረው። ጎማው የሚዞርበት የላይኛው ጫፍ ላይ ኩሽኔታ አልነበረም፤ ኮን ነበር፣ በጠንካራ ሞላ ተገፍቶ የሚያጣብቅ፣ በኋላ ደግሞ በጠንካራ ቡሽ የተተካ። ያ ጥብቅነት ዝም ብሎ ክብደት አልነበረም፤ መወራጨቱን የሚያጠፋው ሰበቃ እርሱ ነበር። ጋሼ ይህን ሲያስረዱ ያስደንቁኝ ነበር። አዲስ ሠልጣኝ ፔርኖውን ሲገጥም ቀለል ብሎ እንዲዞር ይፈልጋል፤ ቀሎ ሲዞርለት ጥሩ ሥራ የሠራ ይመስለዋል። ጋሼ ጎማውን በእጃቸው ገፋ ያደርጉና «ይኼ ልጅ እንደ በር ከፈተው» ይሉታል። ፈትቶ ይገጥማል። የመሪ ነገር መቅለል ያለበት ከጎማው በኩል ሳይሆን ከመሪው በኩል ነው ይሉ ነበር።

የላንድሮቨርን ቦታ ከዚያ ቶዮታ ወረሰው። ላንድክሩዘር 40፣ በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣው 70፣ በኋላም ፒክአፖቹ 75ና 79፣ የድሮው ባለ አራት ጎማ ነጂ ሃይሉክስም እስከ 1990ዎቹ ድረስ ድፍን የፊት አክሰል ይዘው ነው የኖሩት። በእኛ አቆጣጠር በ1977ቱ ድርቅ ዘመን የእርዳታ ሥራ ከእነዚህ መኪኖች ያኔ የነበሩትን እስከ ሰሜን ወሎ ጥግ ያደረሳቸው ሲሆን፣ እዚያ ሲሠሩ የሰነበቱትም አዲስ አበባ ሲገቡ ስለ ፊት እግር ብዙ አስተምረውናል። የቶዮታው ፔርኖ በላይና በታች ሁለት ትናንሽ ኩሽኔታ አለው። ኩሽኔታ ስለሆነ ከቡሽ ይቀላል፤ ሰበቃውን የሚሰጠው ከላይና ከታች ክዳን ሥር የሚገቡ ስስ ስስ ሺሞች ሲሆኑ፣ እነርሱ ሲቀነሱ ኩሽኔታው ይጠብቃል። ሥራው የሚለካው በሚንጠለጠል ሚዛን ነው። የመሪውን ዘንግ ለያይቼ የጎማውን ክንድ በሚዛን ስጎትት ለመንቀሳቀስ ጥቂት ኪሎ መጠየቅ አለበት። ዝም ብሎ ከሄደ ሺም ይቀነሳል። እኔ የምጠቀመው የበርበሬ ነጋዴ የሚጠቀምበትን መንጠቆ ሚዛን ነው፤ የቶዮታ ኩባንያ ይህን አላሰበም፣ ግን ኪሎ ያው ኪሎ ነው።

ኩሽኔታው ሲያረጅ ደግሞ ሾፌሮች ሊያውቁት የሚገባ ምርመራ አለ። መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መወዝወዝ ነው። ቢንቀጠቀጥ አንድ ሰው ፍሬኑን ይርገጥ። ፍሬን ሲረገጥ ክፍተቱ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው። ካልጠፋ ፔርኖው ነው። ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ ሙከራ ሆኖ ሳለ ስንት ሰው ሳያደርገው የማይመለከተውን ዕቃ ገዝቶ እንደሄደ አልናገርም።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሥራ የሚሠራው መኪናው መሬት ላይ በራሱ ክብደት ቆሞ ነው። ክሪክ ላይ የተሰቀለ መኪና የላላውን ነገር ሁሉ ይደብቃል። አንድ ሰው ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ መሪውን ግራ ቀኝ፣ ጥቂት ጥቂት፣ ሳያቋርጥ ያወዛውዛል፤ እኔ ከሥር ተጋድሜ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በመዳፌ እይዛለሁ። ዓይን የማያየውን መዳፍ ያገኘዋል። በመሪው ዘንግ ጫፍ ባለው ቴስቲኒ ውስጥ ያለው ኳስ ከቤቱ ሲዘል ይሰማል፤ የመሪው ሳጥን የተያዘበት ቡሎን ሲንቀሳቀስ ይሰማል፤ 79 ላይ ደግሞ፣ ፊቱ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለሞላ ስለሆነ፣ አክሰሉን ወደ ጎን የሚይዘው ዘንግ አለ። የእርሱ ጎሚኒ ከተበላ ወይም የቡሎኑ ቀዳዳ ከሰፋ ሌላው ሁሉ አዲስ ቢሆን ዋጋ የለውም። ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው ዕቃው ራሱ ሳይሆን የተያዘበት ቀዳዳ ነው። አዲስ ዘንግ በሰፋ ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ አይቼ አዝኛለሁ፣ ደረሰኙ ግን አዲስ ዘንግ ይላል።

እዚህ ላይ ነው ከሻጩ ጋር የምጋጨው። የመሪ ሾክ መወራጨቱን ይውጠዋል፣ ይህ እውነት ነው። የላላው ነገር ግን እንደላላ ይቀራል፤ ሾኩ ሲደክም ሕመሙ ቀድሞ ከነበረበት ብሶ ይመለሳል፣ ምክንያቱም በመካከሉ ሌላው መገጣጠሚያ ሁሉ በሾኩ ጥላ ሥር ሲበላ ከርሟል። አሜሪካም ውስጥ በድፍን አክሰል ጂፕና ከባድ ፒክአፕ ባለቤቶች ዘንድ ያለው ክርክር ይኸው ነው፤ አንዱ ሾክ ይጨምራል፣ ሁለተኛው ሁለት ሾክ ይጨምራል፣ ሦስተኛው ከሥር ተጋድሞ በመዳፉ ይፈልጋል። እኔ ሾክ አልቀይርም አልልም፤ ሁሉ ነገር ከተጠበቀ በኋላ እቀይራለሁ። በትክክለኛው ቅደም ተከተል መጨረሻው ነው እንጂ መጀመሪያው አይደለም።

አንዳንዴ ደግሞ ምንም የላላ ነገር ሳይገኝ ይንቀጠቀጣል። ያኔ ጭነቱን እጠይቃለሁ። የእኛ አገር ፒክአፕ ካሶኒው ከሚችለው በላይ ይጫንበታል፤ ኋላው ሲወርድ አፍንጫው ይነሳል፣ አፍንጫው ሲነሳ ፔርኖው ወደ ኋላ ይበልጥ ያጋድላል፣ የፊት ጎማውም ይቀላል። ያ መጋደል በልኩ ሲሆን መሪውን ቀጥ ያደርጋል፤ ከልክ ሲያልፍ ለመወራጨት ይረዳዋል። አንዳንድ ባለንብረት ይህን ለመከላከል ከኋላ የባሌስትራ ቅጠል ይጨምራል፤ ያኔ ደግሞ ባዶ ሲሆን ኋላው ከፍ ይላል፣ የፊቱ ማዕዘን ይቀንሳል፣ መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድ ይከብደዋል። ጎማም አለ። ባልተስተካከለ አበላል ያረጀ ጎማ ከላይ በእጅ ሲዳበስ ከፍ ዝቅ ይላል። እርሱን ከኋላ ካለው ጋር ቀያይሮ በዚያው መንገድ መሞከር ያለ ወጪ የሚደረግ ምርመራ ነው። ጎሚስታው በዚህ ጊዜ ትክክል ሊሆን ይችላል።

አዲሶቹ ፒክአፖች ሌላ ዓለም ናቸው። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው ሃይሉክስና ከእርሱ ወዲህ የመጡት አብዛኞቹ ፒክአፖች ፊታቸው ለየብቻ ስለሚንቀሳቀስ ኦሊ በ1934 ለካዲላክ ያደረገው ደርሷቸዋል፤ የእነርሱ ቅሬታ የታችኛው ኳስ መገጣጠሚያና የመሪው ሳጥን ጫፍ ነው፤ ጉድጓድ ሲነኩ ይንኳኳሉ እንጂ አይወራጩም። 79ኙ ግን ዛሬም በድፍን አክሰሉ አለ፤ ማዕድን ቦታ፣ ድንበር፣ ገጠር ጤና ጣቢያ የሚደርሰው እርሱ ስለሆነ አልተተወም።

ይህ ሥራ ገና ስላላበቃ ነው ሠልጣኞቼ ፔርኖ ሲፈቱ ሺሞቹን መሬት ላይ እንዳይበትኑ የምቆጣቸው። የላይኛውና የታችኛው ሺም ጎማው የተያዘበትን ክፍል በአክሰሉ ጫፍ ላይ መሐል ያደርጉታል። ተደባልቀው ቢገቡ ሚዛኑ ልክ ያሳያል፣ ማኅተሙ ግን በአንድ ጎኑ እየተበላ ግራሶ ያፈሳል። የላይኛውን በአንድ ሽቦ፣ የታችኛውን በሌላ ሽቦ አሥረው፣ በእያንዳንዱ ላይ ግራ ወይም ቀኝ ብለው በኖራ ይጽፉበታል። አዲስ ኩሽኔታ ሲመጣ የሺሙ ብዛት ይቀየራል፤ መነሻው ግን በሽቦው ላይ ያለው ነው፤ ከዚያ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ የምታህለዋን ስስ ሺም ከአንዱ ወገን አንሥተን ሚዛኑን እንደገና እንጎትታለን።